ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር

ይድረስ ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ሐይቁ ሞላ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ስለተቋረጠ፣ መልሱን በደብዳቤ ማድረሱ ይሻላል ብዬ ነው።

እሑድ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ተነሥቼ፣ ጎርፍ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ በተሠራው የአፈር ግድብ ላይ እስከ አሞራ ገደል በእግሬ ሄድሁ። ሐይቁ በእርግጥ ሞልቷል፤ የጥቁር ውሃ ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ ተነሥቶ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ጨለለቃ ራሱ ቀድሞ ሐይቅ እንደነበረ ሳስብ ግን ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።

ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎች ገና ስላልደረሱ በዚህ ወቅት የሚታዩት ነባሮቹ ናቸው። ከሁሉ ያስደነቀችኝ በውሃ አበባ ቅጠል ላይ የምትራመድ ቡናማ ወፍ ነበረች፤ ግንባሯ ሰማያዊ ነው፣ ጣቶቿም እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቷ ተበትኖ ቅጠሉ አይሰጥምባትም። በክንፎቿ ሥር ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለው ባይ ግራ ገባኝ፤ ለካስ ጫጩቶቿን አቅፋ ነው። «እናታቸው» ማለቴን የሰማ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ሳቀና፣ እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም ወንዱ መሆኑን ነገረኝ። እኛን ብቻዎን ያሳደጉንን እርስዎን ሳላስብ አላለፍሁም።

በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ እያረዱ አንጀቱን ሲጥሉ፣ አባ ኮዳዎች እንደ ሸንጎ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ከበው ይጠብቃሉ። እርስዎ «መልከ ጥፉ አሞራ» ይሉታል፤ እኔ ግን ዳርቻውን ከግማት የሚያድነውን ወፍ ማቃለል አልሆንልህ አለኝ። እግሩ ነጭ የሚመስለውም ሙቀቱን ለማብረድ በገዛ ኩሱ ስለሚቀባው ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ከሥሩ ጠቆር ያለ ነው። ይህን ሲያነቡ «እንኳን አልቀረብሁት!» እንደሚሉ አውቃለሁ።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅና እንግዶቹ ወፎች ሲገቡ ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል። ግድቡ ሜዳ ስለሆነ ጉልበትዎን አያስቸግርም፤ በየሾላው ጥላ እያረፍን እንሄዳለን፣ ጉሬዛዎቹንም ከዚያው ቁጭ ብለው ያያሉ። የሚመቸዎትን ቀን በስልክ ያስታውቁኝና መናኸሪያ መጥቼ እቀበልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ