ሜጋዋቱ ምጣድ ላይ እየባከነ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ኃይል የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ ማመንጨት ሆኗል። 5,150 ሜጋዋት ትልቅ ነገር ነው፤ ሊጻፍለትም ይገባል። ኃይሉ ቤት ከገባ በኋላ ምን ላይ እንደሚውል ግን ጠያቂ አላገኘም። በከተማ ቤት ውስጥ ከሁሉም በላይ ኃይል የሚስበው ዕቃ የእንጀራ ምጣድ ነው። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ አንድ ላይ ቢበሩ እንኳ አንድ ምጣድ የሚስበውን አይስቡም። ስለዚህ የኃይል ቁጠባ ወሬ ከአምፖል ወደ ምጣድ መዞር አለበት እንላለን።

ገበያ ላይ ያለው ምጣድ አብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። መካከለኛውን፣ 3.5 ኪሎዋቱን እንውሰድ። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይሆናል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት 5.25 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታ የሚቆጥርበት መለኪያ) ይበላል፤ በሳምንት ሁለቴ ከተጋገረ በወር 45 ገደማ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ተኩል 30 እንጀራ ቢወጣ ለአንዱ 0.175 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሰዋል። ሊጡን አሙቆ፣ የሚተነውን ውሃ አትንኖ አንድ እንጀራ ለማብሰል በስሌት የሚያስፈልገው ግን 0.1 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ከሚከፈልበት ኃይል ግማሽ ያህሉ እንጀራው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

የት ይቀራል? በመጀመሪያ ከሥር። ምጣዱን ገልብጦ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሽቦው በሸክላው ጀርባ በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ዙሪያውን ይጠመጠምና በጀሶ ይለሰናል፣ ከዚያ በታች ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሙቀት የሚያግድ ነገር ስለሌለው እየተጋገረ እያለ የቆርቆሮው ሥር እጅ አያስነካም። በጀሶውና በቆርቆሮው መካከል አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ፋይበር ግላስ ቢገባ የዚህ ሙቀት አብዛኛው ወደ ላይ ይመለሳል። ሁለተኛው ሸክላው ራሱ ነው። ከሁለት ሳንቲ ሜትር የወፈረ ሸክላ እስኪግል ድረስ ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያለ ሥራ ይበላል። ሲሳሳ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ሠሪዎቹ አወፍረው መሥራታቸው አይፈረድባቸውም፤ ጥሩ የተቦካ ጭቃና በደንብ የተተኮሰ ሸክላ ከተገኘ ግን ሳይሰነጠቅ ማሳሳት ይቻላል። ሦስተኛው አክንባሎው ነው። ጠርዙ ላይ የማይገጥም ከሆነ እንፋሎቱ ዙሪያውን ያመልጣል፤ እንጀራው ለመብሰል ይዘገያል፣ አፉም ይደርቃል።

ጥገናው ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሽቦው ሲቃጠል ብዙ ቦታ የተቃጠለውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ማገናኘት ተለምዷል። ሽቦው አንድ አሥረኛ ካጠረ የሚስበው ኃይል በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ይህም ባነሰ ሽቦ ላይ ይጫናል። የተጠማዘዘው ቦታ ከሌላው ይልቅ ይግላል፣ እዚያው ላይ እንጀራው ያርራል፣ ከሳምንታት በኋላም ሽቦው በዚያው ቦታ ይበጠሳል። ሽቦውን ሙሉ በሙሉ በተመሳሳይ ውፍረትና ርዝመት መቀየር ነው የሚያዋጣው። 220 ቮልት ላይ ለ3.5 ኪሎዋት ምጣድ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ተቃውሞው ወደ 14 ኦም መምጣት አለበት፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ሽቦው አጥሯል።

ምጣዱ ደህና ሆኖም ቮልቴጁ ከወረደ ነገሩ ይበላሻል። የሚገኘው ሙቀት የሚወርደው እንደ ቮልቴጁ ልክ ሳይሆን ከዚያ በባሰ ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የ3.5 ኪሎዋቱ ምጣድ የሚሰጠው 2.3 ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጋጋሪዋ በእያንዳንዱ መካከል ምጣዱ እስኪግል ትጠብቃለች፣ በምትጠብቅበት ደቂቃ ሁሉ ከሥር የሚባክነው ይቀጥላል። ቮልቴጅ የሚወርደው ደግሞ ብዙ ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ ነው። 200 ኪሎቮልት አምፔር የሆነ የሰፈር ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ባይኖርበት እንኳ 57 ምጣድ ይሸከማል። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ ትራንስፎርመር የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው። በአገር ደረጃ 100,000 ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢበራ 350 ሜጋዋት ይሆናል፤ 153 ሜጋዋት የሆነው አዳማ ሁለት የነፋስ ጣቢያ ሙሉ አቅሙን ቢሰጥ እንኳ ግማሹን አይሸፍንም።

ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሆነ በምጣዱ ሥር የሚባክነው ከግድቡ የሚወርድ ውሃ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ሲቀንስ መብራት በፈረቃ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋውም።

የቤተሰብ ኪስን የሚነካው ሌላው ነገር ከሰል ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲያድግ ተወስኗል፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። ይህን የሰሙ ብዙዎች ወጡን ወደ ከሰል መልሰዋል። ከመመለሳቸው በፊት ግን ይህን ይቁጠሩት፦ አንድ ኪሎ ከሰል በተራ የቆርቆሮ ምድጃ ላይ ለድስቱ የሚያደርሰው ሙቀት 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። የሰፈራችሁን የኪሎ ከሰል ዋጋ ከሦስት ኪሎዋት ሰዓት ሒሳብ ጋር አስተያዩት። በባህላዊ መንገድ በአፈር ተቀብሮ የሚከሰል እንጨት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎው ነው አንድ ኪሎ ከሰል የሚወጣው፤ የተቀረው እዚያው ጫካው ውስጥ ጭስ ሆኖ ይቀራል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው እንደሚገድልም መደጋገም አይሰለቸንም። መስመር ላልደረሰበት ገጠር ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የማገዶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ እዚያ እርሱ ይቅደም።

መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። ምጣድ የሚሸጥ ሰው ስንት ኪሎዋት እንደሚስብ፣ ከሥር መከላከያ እንዳለውና እንደሌለው ቆርቆሮው ላይ ጽፎ እንዲሸጥ የሚያስገድድ መለያ መርካቶ ድረስ ወርዶ ቁጥጥር ይደረግበት። አዳዲስ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለምጣድ ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ይዘርጋላቸው፤ በ1.5 ሽቦ ላይ ምጣድ መሰካት ለእሳት መጥራት ነው። ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስድ መስመር፣ ደግሞ ይኑረው፤ ቆርቆሮው ላይ ኮረንቲ ያለበትን ምጣድ በእርጥብ እጅ የምትነካውን ሴት የሚያድናት እርሱ ነው።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል አለ። የምጣዳችሁን ልክ ለማወቅ ሌላውን ሁሉ አጥፉና ምጣዱን ብቻ ለ15 ደቂቃ አብሩት፤ በቆጣሪው ላይ የታየውን ልዩነት በ4 ስታባዙት ኪሎዋቱ ይወጣል። ከ4 በላይ ከሆነ ወይም ምጣዱ ሲገዛ ከተነገራችሁ በብዙ ከራቀ ሽቦውን አስፈትሹ። ጋግራችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉና ስፒናውን ነቅላችሁ ዳስሱት። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ሶኬቱ ላልቷል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራ ምጣዱን አጥፍታችሁ በቀረው ግለት ማውጣት ይቻላል። ለበዓል ደግሞ ከዋዜማው ይልቅ ከሁለት ቀን በፊት፣ በቀን ሰዓት ጋግሩ።

ከአክብሮት ጋር
የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ