ቅጠሉ የረገፈን ዛፍ በምን ትለይዋለሽ?

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጎንደር ጠዋት ጠዋት ብርዱ አላስቀምጥ ብሏል። አንቺ ደግሞ መተማ ላይ በሙቀት እየተቀቀልሽ ነው አሉ።

በስልክ ያልሽኝ ሲከነክነኝ ሰነበተ። «አባዬ፣ ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ቆሞ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለኝ» አልሽ። ያስተማሯችሁ በቅጠል ብቻ ነው መሰለኝ። እኔ አናጢ ነኝ፤ ግንዲላ የምገዛው ቅጠል አይቼ አይደለም።

ሰው ሁሉ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ግንዱ ነው። አንቺ ተይው። ያረጀ ግንድ ዋንዛም ሆነ ብሳና ግራጫ ሆኖ ይሰነጣጠቅና ያምታታል። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ፈልጊና ጫፉን ያዢ። ሾላና ዋርካ ጫፋቸው ላይ የሾለ እምቡጥ አላቸው፤ በስስ ሽፋን ተጠቅልሏል። ሽፋኑ ሲወድቅ ቀንበጡን ዙሪያውን የከበበ ቀለበት ትቶ ይሄዳል። ጣትሽን ብታሳልፊበት ይታወቅሻል። ከዚያ በጥፍርሽ ቆንጠጥ አድርጊው። ነጭ ወተት ካወጣ የሾላ ወገን ነው፤ አትጠራጠሪ። ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ! አፄ ፋሲል መዋኛ ግንቡን በሥሮቻቸው አቅፈው የያዙት ዛፎችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ለጥምቀት ስትመጪ ሞክሪው።

የኮሶ ቀንበጥም ቀለበት አለው። ግን ወተት የለውም፣ ቡናማ ጸጉርም ለብሷል። እሱ የደጋ ነው፤ ደባርቅ እንጂ መተማ አትፈልጊው።

የዕጣን ዛፍ እዚያው ደጃፍሽ ነው። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይንጠለጠላል። የቅርንጫፉ ጫፍ ወፍራምና ዱልዱም ነው። ቅጠሉ ጫፉ ላይ ተሰብስቦ ስለሚበቅል የረገፈበት ጠባሳም እዚያው ተደራርቦ ታያለሽ። ቅጠል ሳይኖረው ስለሚያብብ ደርቋል እንዳትዪ። ሙጫውን ለማየት ብለሽ ግን አትጫሪው። ዕጣን አውጪዎቹ በበጋ ደጋግመው ይፍቁታል፣ ይበቃዋል።

ቆርች አያስቸግርሽም። ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ በጥልቅ ይሰነጠቃል፣ እሾህም አለው።

ካቃተሽ ወደ መሬት እይ፤ ማንም አያይሽም። ብርቱካንማ ሆኖ የረገፈ ቅጠል ካገኘሽ ብሳናን ጠርጥሪ። የሞተና ያልሞተ ከተምታታብሽ ደግሞ ቀጭኗን ቀንበጥ በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊ። ውስጧ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለች።

እናትሽ በሶና ድርቆሽ አዘጋጅታለች። ቅዳሜ በሚወርደው መኪና እንልካለን፤ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ። ሹፌሩ እንደደረሰ ይደውልልሻል።

አባትሽ