«ፍላነል» ያለች ልጅ ኤክስ አይገባትም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፈው ከደሴ፣ ከሸዋ በር ነው። ጉዳዩ የፊት ፎጣ ነው፤ አትሳቁ።

ልጄ እንግሊዝኛ ፈተና ላይ የትንሽ ፎጣ ሥዕል ቀርቦላት ስሟን ጻፊ ተባለች። ለንደን ካለችው አክስቷ እንደሰማችው «ፍላነል» ብላ ጻፈች። ኤክስ ተደረገባት፤ መልሱ «ዋሽክሎዝ» ብቻ ነው ተባለ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፣ ጸቤ ከእርማቱ ጋር ነው።

እንግሊዞች ፊት የሚታጠቡበትን ጨርቅ ፍላነል ነው የሚሉት። ድሮ የሱፍ ጨርቅ ስም ነበር፤ ዛሬ ፎጣዋ በአብዛኛው ጥጥ ሆና እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። አሜሪካ ሄዳችሁ ፍላነል ስጡኝ ብትሉ ግን የሚያወጡላችሁ ዳማ ዳማ ያለበት ወፍራም ሸሚዝ ነው፤ ለእነሱ ፎጣዋ ዋሽክሎዝ ናት፣ ደቡቡ አካባቢ ደግሞ ዋሽራግ የሚላትም አለ። አውስትራሊያ ስትደርስ ፌስ ዋሸር ትሆናለች፤ ፊት አጣቢ ሠራተኛ የቀጠሩ ነው የሚመስለው። ስኮትላንድና አየርላንድ ፌስክሎዝ ይላሉ። እና የትኛው ነው ስህተቱ?

እዚሁ ሰፈራችን ከጅዳ የተመለሱ ልጆች ገላ መፈተጊያውን ሊፋ ይሉታል፣ ዓረብኛ ነው። እንግሊዞቹም «ሉፋ» የሚሉትን ያገኙት ከዓረብ ነው። (በነገራችን ላይ ሉፋ የባሕር ስፖንጅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የዱባና የኪያር ዘመድ የሆነ ሐረግ ፍሬ ነው፣ ደርቆ፣ ተልጦ፣ ዘሩ ሲራገፍ የሚቀረው ክሩ።)

ደብተሯን ሳገላብጥ ደግሞ የባሰ አየሁ። «ከለር»ን እንግሊዞች እንደሚጽፉት ዩ ጨምራበት፣ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ራይት ተሰጥቷታል። ፊደሉን ከለንደን ተቀብሎ ፎጣዋን ከአሜሪካ ካልመጣች ማለት ምን የሚሉት እርማት ነው?

መምህራኑ ላይ አልጨክንም፤ ያን ሁሉ ወረቀት ሌሊት ቁጭ ብለው የሚያርሙት እነሱ ናቸው፣ በደሴ ብርድ። ግን መዝገበ ቃላቱ እኮ ከቃሉ ጎን የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ እያለ ይጽፋል፣ ገለጥ ማድረግ ነው። አለበለዚያ ጥያቄው ላይ «በአሜሪካ እንግሊዝኛ» ተብሎ ይጻፍ።

ልጄ ነጥቡን ረስታዋለች። አሁን የምትጠይቀኝ «አክስቴ እንግሊዝኛ አትችልም እንዴ?» እያለች ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ