የኬሚስትሪ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ እርድ በሐምራዊ መብራት

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ርዕስ ፍሎረሰንስ ነበር። አንዳንድ ቀለሞች ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ይቀበሉና የሚታይ ብርሃን አድርገው ይመልሱታል። መብራቱ አላስቸገረንም፤ ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ያው ሐምራዊ መብራት ነው። ቀለሙ ደግሞ ከወጥ ቤት መጣ፤ እርድ።

እርዱን በአልኮል በጥብጠን አጠለልነው። መብራቱ ሲበራበት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ሆኖ ቦግ አለ። ጩኸቱን አልነግራችሁም! በዘይት የተበጠበጠው ግን ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ አደላ። አልኮሉ ላይ ውሃ ስንጨምርበት ደፈረሰ፤ ድምቀቱም ወረደ። ቀለሙ ያው ኩርኩሚን፣ እርድን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው፤ የተለወጠው የሟሟበት ፈሳሽ ነው። ብርሃን የተቀበለ የኩርኩሚን ሞለኪዩል ጉልበቱን ይዞ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት የከበቡት ሞለኪዩሎች ይሻሙታል። እንደ አልኮል ያሉ ፖላር ፈሳሾች (የሞለኪዩላቸው አንዱ ጫፍ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ የሆነ) ከጉልበቱ ከፊሉን ስለሚወስዱ የሚወጣው ብርሃን ጉልበቱ አነስ ወዳለው ቢጫ ያዘነብላል።

የከበደን ስስ ሽፋን መሥራት ነበር። መስታወት ላይ ጠብ አድርገን ያደረቅነው ብጥብጥ ደበዘዘብን። ፈሳሹ ሲተን ሞለኪዩሎቹ ይከማቻሉ፤ አንዱ ጉልበቱን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ብዙው በሙቀት መልክ ይባክናል። “የሚያራርቃቸው ነገር ብንጨምርስ?” አለች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። በማግስቱ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይዛ መጣች። ጥቂት እርድ ቀላቅላ ቀባችው፤ ደርቆም በራ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ሙከራ ይህ ነው። “እርዱ ሲበዛ ይደምቃል” ብለው የተከራከሩት ልጆች አብዝተው ሞከሩ፤ ደበዘዘ። ክርክሩም በዚያው አለቀ።

መስኮት ላይ የቆዩት ሽፋኖች ከጊዜ በኋላ ነጡ። ኩርኩሚን ፀሐይ አይችልም። እናቶች እርድ የነካውን ነጠላ አጥበው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ለዚህ ነው።

በወላጆች ቀን ያቀረብነው ቶኒክ ውሃ ነበር። በውስጡ ያለው ኪኒን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር ሰማያዊ ያበራል። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. ፍሎረሰንስን ያጠናው በኪኒን ጭምር ነው። ጨው ጣል ስናደርግበት ብርሃኑ ቀነሰ፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ጉልበቱን ስለሚያጠፋበት ነው። አንዳንድ ወላጆች ራሳቸው ካልሞከርን ብለው ጨው አስጨረሱን።

ለከርሞ የጎመን ቅጠል በአልኮል እንዘፈዝፋለን፤ አረንጓዴው ብጥብጥ በመብራቱ ቀይ ያበራል። አዲስ ገቢዎች፣ መብራቱን ቀጥታ ማየት ክልክል ነው፤ አልኮልም ከእሳት ይራቅ።