ሐኪሙን አግኝቻለሁ፣ እማዬ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ «ኦፕራሲዮን» ባልኩ ቁጥር ቀፎውን ለእህቴ ታቀብያታለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። እሷ ታንብብልሽ፤ አንድም መስመር እንዳትዘል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ከክፍሉ 3ኛ ወጣ። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረችው። አዲሱ ሲበቅል ለአያቴ አሳያለሁ እያለች ነው።

ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን ፊልም መስኮቱ ላይ ይዞ አሳየኝ። በራስ ቅልሽና በአንጎልሽ መሃል እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነገር አለ። የቆየ ደም ነው። በረንዳው ላይ ወድቀሽ «ምንም አልሆንኩም» ካልሽበት ቀን ጀምሮ የተጠራቀመ። ዕድሜው ለገፋ ሰው ትንሽ ግጭት ይበቃል። ራስ ምታቱ፣ መርሳቱ፣ የእጅ መስነፉ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሲኒው ከእጅሽ ያመለጠው በእርጅና አይደለም፣ እማዬ።

ጭንቅላትሽን አይከፍቱትም። ትንሽ ቀዳዳ በስተው ደሙን ያፈስሱታል። ብዙ ጊዜ ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ነው የሚሠሩት። ደሙ ተመልሶ ሊጠራቀም ስለሚችል ክትትል አለው። ይህንንም አልደብቅሽም።

«ማን ነው የሚነካኝ?» ብለሽ ነበር። ልክ ነሽ። የነርቭ ሐኪም ሁሉ ቀዶ አይሠራም። ኒውሮሎጂስት በመድኃኒት ያክማል፤ ቀዶውን የሚሠራው ኒውሮሰርጅን ነው። ያገኘሁት ሐኪም ከሕክምና ትምህርቱ በኋላ ይህንኑ ጥቁር አንበሳ ለዓመታት ተምሯል። ሥልጠናው እዚያ የተጀመረው በኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች እገዛ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አባዬ በታመመ ጊዜ በአገሩ የነበሩት ኒውሮሰርጅኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የሙያ ፈቃዱን ልይ ስለው አልተቀየመኝም፤ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። ፎቶው፣ ማኅተሙ፣ ስፔሻሊቲው «ኒውሮሰርጀሪ» ይላል፣ የእድሳት ቀኑም አላለፈም። ሌሊት ቢብስብሽ ማን እንደሚያይሽም ጠየቅኩት። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

አንድ የግል ሆስፒታል ገና ሳያዩሽ ማስያዣ ጠየቁኝ። የመሥሪያ ቤቴ መድን ደግሞ ባለቤቴንና ልጆቹን እንጂ ወላጅን አይሸፍንም። ያንቺ የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር ግን ውል ባለው የመንግሥት ሆስፒታል ይሠራል፤ ሪፈር ከያዝሽ። ሪፈሩ ከሰንዳፋ ጤና ጣቢያ ይጀምራል። ዘለን ከሄድን ወጪው በእኛ ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ መታደሱን እህቴ ትይልኝ። ጸበልሽን ጠጪ፤ ሪፈሩንም አውጪ።

መደበቅ ካልኩ አይቀር ልናገረው። አባዬ ሲታመም ማትሪክ ልፈተን ነው ብላችሁ ደበቃችሁኝ። «ፊልድ ሄዷል» አልሽኝ። የመጨረሻውን ፈተና ጨርሼ ስመጣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን አባቴን አልተሰናበትኩትም። ውጤቱ መጣ፣ አለፍኩ፣ ምንም ደስ አላለኝም። አሁንም መውደቅሽን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ለምን? ልጅ አይደለሁም እኮ። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከአባዬ በኋላ ብቻሽን ነው ለዚህ ያበቃሽኝ። እንዴት እንደምፈራ አታውቂም።

ሰኞ በማለዳ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ደብተሩን፣ መታወቂያሽን፣ የምትውጪያቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነማሸጊያቸው በፌስታል አድርጊ። አስፒሪኗን እንዳትረሺ። ደም ስለምታቀጥን ሐኪሙ ማወቅ አለበት፤ እሱ ሳይልሽ ግን አታቋርጪያት። እስከዚያ ካስመለሰሽ፣ ወይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለሽ ሌሊትም ቢሆን አስደውይልኝ፤ ሪፈር አንጠብቅም።

አልሄድም የምትዪ ከሆነም ለእኔ በዪኝ። ለእህቴ አይደለም፣ ለጎረቤትም አይደለም። ለእኔ።

የምወድሽ ልጅሽ