ራሱ የተቆረጠው ቤዝ ጊታር፦ የሙዚቃ መሣሪያዎች ጥገና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ከሁሉ አብዝቶ የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጊታሩን ለምን ቆረጣችሁት?» ከሥራ ባልደረቦቼም ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላትም መጥቷል። በየመተላለፊያው ቆሜ የሰጠሁት መልስ ለእኔም አላረካኝምና እዚህ በጽሑፍ እመልሳለሁ።

በዕቃ ግምጃ ቤቱ ከተሰበሩ ዴስኮች ጀርባ ተጋድሞ የኖረውን ጥቁር ቤዝ ጊታር የቀድሞውን የትምህርት ቤታችንን ባንድ የሚያስታውስ ሁሉ ያውቀዋል። ራሱ፣ ማለትም መቃኛዎቹ የሚታሰሩበት የላይኛው ጫፍ፣ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቋል። ከአራቱ መቃኛዎች ሁለቱ የሉም። ስንጥቁ ቀደም ሲል በኮላ ተጣብቆ ነበር፤ ክሩ ሲወጠር ግን ተመልሶ ተከፈተ። ቢከፈትም አያስገርምም፤ የተለመደ ውፍረት ያላቸው አራት የቤዝ ክሮች ሲቃኙ ባንድነት ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ጭነት ይስባሉ። በንብረት መዝገቡ ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ ሰፍሮ ነበር። እኛ ስንመረምረው ግን አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ፍሬቶቹ (ጣት ክሩን ሲጫን ድምፁን የሚወስኑት በአንገቱ ላይ የተደረደሩ የብረት መስመሮች) ደህና፣ ድምፅ የሚቀበሉት ማግኔቶችም የሚሠሩ ናቸው። የተጎዳው ራሱ ብቻ ነው። የተጎዳውን ማንሳት ጥገና ነው፤ በዚህ አቋሜ ዛሬም ጸንቻለሁ።

አሠራሩም ከእኛ የጀመረ አይደለም። የቤት ዕቃዎች ንድፍ ባለሙያ የነበረው አሜሪካዊው ኔድ ስታይንበርገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ራስ የሌለው ቤዝ ጊታር ሠርቶ አሠራሩን በዓለም አስተዋወቀ። መቃኛዎቹ ወደ ጭራ፣ ማለትም ወደ አካሉ ጫፍ፣ ይዛወራሉ፤ በአንገቱ ጫፍ የሚቀረው ክሩን ነክሶ የሚይዝ ትንሽ ብረት ነው። የቤዝ መቃኛ ከባድ ስለሆነ ተጫዋቹ እጁን ሲያነሳ አንገቱ ወደ መሬት ማዘንበል ይቀናዋል፤ ራሱ ሲነሳ ይህም ችግር ይቀላል። ስታይንበርገር የተጠቀመባቸው ክሮች በሁለቱም ጫፋቸው የብረት እንክብል አላቸው። እኛ እነዚያን አላገኘንም። ስለዚህ በአንድ ጫፉ ብቻ እንክብል ያለውን፣ በየሙዚቃ መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠውን ተራ ክር የሚቀበል መቃኛ ነደፍን። እንክብሉ በትንሽ ብረት ውስጥ ይቀመጣል፤ ብረቱን ከኋላ ረጅም ብሎን ይስበዋል፤ ብሎኑ ሲዞር ክሩ ይወጠራል።

ከመቁረጣችን በፊት አንገቱ እንዳይጎብጥ በውስጡ የሚያልፈው የብረት ዘንግ በየትኛው ጫፍ እንደሚስተካከል አይተናል። ማስተካከያው በአካሉ በኩል ሆኖ ተገኘ፤ በራሱ በኩል ቢሆን ኖሮ ሌላ መላ መፈለግ ግድ ይሆን ነበር። በአንገቱ ጫፍ ያለውን የክሩን ማረፊያ ሳንነካ፣ መንከሻው የሚታሰርበትን እንጨት አስቀርተን ቆረጥን። መጀመሪያ የሠራነው መቃኛ ከአሉሚኒየም ነበር። ወፍራሙ ክር ሲወጠር የብሎኑ ጥርስ ተበላ፤ ናስ ያስፈልገን ነበር።

ቶርኖ ቤት የሄድነው ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ብረት የሚያውቅ እጅ አይጠፋባትም። አዛውንቱ ባለሙያ ጊታሩን አገላብጠው አዩና ክሮቹ የሚያርፉበትን ድልድይ «እዚህ ጋ ብናስቀምጠው ያምራል» ብለው ጣታቸውን ወደ ጭራው አስጠጉ። ከሁሉም ኋላ ቆማ የነበረች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ፊት ወጣች። በክፍል ውስጥ ሳትጠየቅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«አባባ፣ እዚያ ከሆነ ፍሬቶቹ ሁሉ ልክ አይመጡም» አለች።

ሜትር ዘርግታ ከክሩ ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት ለካች፤ 43.2 ሴንቲ ሜትር። «12ኛው ፍሬት የክሩ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ድልድዩ ከዚህ ሌላ 43.2 ይርቃል፤ ድምሩ 86.4 ነው። ወፍራሙ ክር ደግሞ ከዚያም ትንሽ ወደ ኋላ ይፈልጋል። ስንጫነው ድምፁ ከሚገባው በላይ ይወጣልና።»

አዛውንቱ ሳያቋርጡ አዳመጧት። ሜትሩን ተቀብለው ራሳቸው ለኩ። ከዚያም እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው «በይ ልጄ፣ ምልክቱን አንቺ አድርጊው» አሏት። እጇ እየተንቀጠቀጠ አሰመረች። ስለሚርገበገብ ክር ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምሬያለሁ፤ ትምህርቱ በተማሪ አንደበት ለእጅ ባለሙያ ሲብራራ የሰማሁት ግን ያን ዕለት ነው። አዛውንቱ የናሱን ዋጋ ብቻ ተቀብለው የእጃቸውን ተዉልን። በአንባቢ ሁሉ ፊት አመሰግናቸዋለሁ።

የቀረው ሥራ ቀና ነበር። ክሩን በአንገቱ ጫፍ ነክሰን ካሠርን በኋላ ትርፉን ከመቁረጣችን በፊት አጠፍነው፤ አለዚያ በላዩ የተጠመጠመው ሽቦ ሊተረተር ይችላል። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ብለን ቃኘነው። በወላጆች ቀን ከክራሮቹ ጋር ተጫውቷል፤ ከዓርብ እስከ ዓርብም ቅኝቱን ይዞ ይቆያል።

መደበኛ ስብሰባዎቻችን ተካሂደዋል፤ ሥራ አስፈፃሚ ተመርጧል፤ የክራር ክሮች ተቀይረዋል፤ የተበጠሱ የማይክሮፎን ገመዶች ተበይደዋል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ለፈተና ዝግጅት ተለይተውናል፤ መብራት በጠፋባቸው ሳምንታትም ብየዳው ቆሟል።

ስለ ዕቃ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ሞርሳ ስለሌለን አንገቱ የተቆረጠው ሁለት ተማሪዎች በእጃቸው ይዘውት ነው። እኔ አጠገባቸው ብቆምም ይህ በመጪው ዓመት ሊደገም አይገባም። ለኳስና ለመለያ በየዓመቱ በጀት ይያዛል፤ መያዙም ተገቢ ነው። የእኛ ክበብ የበጀት መስመር ግን ባዶ ነው። መሣሪያዎቻችን የሚያድሩት ቁልፍ በሌለው የቤተ ሙከራ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ጊታሩን ለምን ቆረጣችሁ ያሉን ሁሉ ይህንንም ቢጠይቁልን ደስ ይለኛል።

የምንፈልገው አንድ ሞርሳ፣ አንድ የእጅ መሰርሰሪያ፣ አንድ መለዋወጫ የቤዝ ክር እና የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ነው። ለመጪው ዓመት መቃኛዎቹ የላሉ ሁለት ክራሮች ተራቸውን እየጠበቁ ነው። በቤታችሁ ያገለገለ መሣሪያ ያላችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራው ታገኙናላችሁ። የ10ኛ ክፍሏ ተማሪ የክበቡ ጸሐፊ ሆና ስለተመረጠች የምትሰጡትን ዕቃ መዝግባ የምትረከበው እሷ ናት።