ዓሣውን በዚያው ቀን ለምን እንደማንሸጥ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ) በተገዛበት ቀን ዓሣ እንደማንሸጥ፣ ቤት ለቤት የምንሰጠው የእንክብካቤ ዋጋም በወር ከ2,000 ብር ወደ 3,000 ብር ከፍ እንዳለ ካሳወቅን ወዲህ ስልካችን ፋታ አላገኘም። «ገንዘቤን ይዤ መጥቼ እንዴት አልሸጥም እባላለሁ?» ያላችሁን አላችሁ። ለልጃቸው ልደት ብለው መጥተው ባዶ ገንዳ ይዘው የተመለሱ አባት ዳግመኛ ደጃችንን እንደማይረግጡ ነግረውናል። የመረጧቸውን ጋፒዎች (ትንንሽ ባለ ቀለም ዓሦች) ግን ለይተን አስቀምጠንላቸዋል። መልእክቱ አጭር ሆኖ ላስቀየማችሁ ሁሉ ይቅርታ። ምክንያቱን በሙሉ ልትሰሙት ይገባል ብዬ ይህን ራሴ ጽፌያለሁ።

ዓሣ አልሸጥም ማለት ከማንም በፊት የሚጎዳው እኛን ነው። ነገር ግን ዓሣ የበላውን ሲያስወጣ፣ በስንጥቡም (በመተንፈሻው) በኩል፣ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይለቃል። አሞኒያ መርዝ ነው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደሚቀለው ናይትሬት የሚለውጡት በፊልተሩ (በውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ የሉም። ተራብተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባቸዋል። ውሃው ጥርት ብሎ ስለታየ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ አሞኒያ በዓይን አይታይም።

ይህን ሳንጠብቅ ስንሸጥ የሚሆነውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ይደወልልናል። ስንደርስ ዓሦቹ ከውሃው ፊት ተኮልኩለው አየር ለመጉረስ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ስንጥባቸው ቀልቷል፤ አንዱ ጠጠሩ ላይ ተጋድሟል። ልጅ አጠገቡ ቆሞ ያለቅሳል። ከዚያ «በሽተኛ ዓሣ ሸጣችሁልን» እንባላለን። ያ ዓሣ ሱቃችን ውስጥ በእጄ ስመግበው የነበረ ነው፤ ምንም አልነበረበትም። ይህ ቃል እንደሚያመኝ ብነግራችሁ አትቀየሙኝ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ፣ በመስታወት ቆራጭነት ነው። አንድ ደንበኛ የዓሣ ገንዳ ልኬት ሰጥቶኝ ባለ 8 ሚሊሜትር መስታወት ቆርጬ፣ በሲሊኮን አጣብቄ፣ ውሃ ሞልቼ «ያፈስ ይሆን?» እያልኩ አጠገቡ አደርኩ። አላፈሰሰም። ቀስ በቀስ መስታወቱን ትቼ ከዓሣው ጋር ቀረሁ። ሰፈሩ ለልማት ተነሥቶ ወደ ገርጂ ስንዛወር ከእናንተ አንዳንዶቹ ገንዳዎቻችንን በገዛ መኪናችሁ ጭናችሁልናል። ያ ውለታ አይረሳኝም። ቅሬታው ከእናንተ በመምጣቱ የከበደኝም ለዚሁ ነው።

«ውሃ ለመቀየር 3,000 ብር?» ላላችሁኝ ደግሞ የሱቃችን ሠራተኞች፣ ልጆቻችን፣ በወር ሁለት ጊዜ መጥተው የሚሠሩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሂተሩን (የውሃ ማሞቂያውን) ከሶኬት ይነቅላሉ፤ ከውሃ ውጭ ከጋለ ይሰነጠቃልና። ጎማውን ጠጠሩ ውስጥ እየሰኩ ከሥር የተጠራቀመውን ኩስና የተረፈ ምግብ ይስባሉ። ከ100 ሊትር ገንዳ 25 ሊትር ያህል ይወጣል። በምትኩ የሚገባው ውሃ በቀጥታ ከቧንቧ አይሆንም፤ ክሎሪኑ ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። ክሎሪኑ መጥፋት፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር መመጣጠን አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ከሱቅ ተሸክመው አራተኛ ፎቅ የወጡበት ቀን አለ። ስፖንጁን ደግሞ ከገንዳው በወጣው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱታል እንጂ አያነጡትም። አንድ ቤት ውስጥ ስፖንጁ በበረኪና ታጥቦ፣ ነጭ ሆኖ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አግኝተነዋል። ያጠበችው ልጅ ንጽሕና ወዳ ነው፤ የወራት ባክቴሪያ ግን በአንድ ጠዋት አለቀ። እኛም ከዜሮ ጀመርን፤ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቅንም።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ጋፒ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ይስማማዋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያለ ሂተር ይህን አይሰጥም። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩም አብሮ ይቆማል፤ ሰዓታት ሲቆጠሩ ስፖንጁ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥሯቸው መሞት ይጀምራሉ። በሌሊት ስትደውሉልን በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይዘን መጥተናል። ይህ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አልተጻፈም።

ፊልተሩ፣ ሂተሩ፣ ምግቡ፣ የውሃ መመርመሪያው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ140 በላይ ነው። ኪራይና ነዳጅም ጨምረዋል። በዚህ ሁሉ መሐል የእንክብካቤውን ዋጋ ሳንነካ ቆይተናል። ከዚህ በኋላ ግን ወይ ዋጋ መጨመር ወይ ከልጆቹ አንዱን ማሰናበት ነበር፤ ሁለተኛውን አልፈለግሁም።

ክቡን የብርጭቆ ገንዳም ከመደርደሪያ አውርደነዋል፤ አንመልሰውም። ጎልድፊሽ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ የሚያድግ፣ በደንብ ከተያዘም ከአሥር ዓመት በላይ የሚኖር ዓሣ ነው። እዚያ ጠባብ ክብ ገንዳ ውስጥ ሲታፈን ሸጬ ማትረፍ አልችልም።

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ቀድማችሁ የከፈላችሁ በቀድሞው ዋጋ ትቀጥላላችሁ። አዲስ ገንዳ የገዛችሁ በየሳምንቱ ውሃውን በሃይላንድ ይዛችሁልን ኑ፤ በነፃ እንመረምራለን፤ አሞኒያውና ናይትራይቱ ከፍ ብለው ተመልሰው ዜሮ በሆኑ ዕለት ዓሣችሁን ትወስዳላችሁ። 3,000 ብር የከበደው ደንበኛ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ይምጣ፤ ውሃ አቀያየሩን፣ ስፖንጅ አጨማመቁን፣ የምግቡን ልክ ያለ ክፍያ እናሳየዋለን። ሌላ ሱቅ ለመሄድ የወሰናችሁም ካላችሁ፣ እባካችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደውሉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት
ገርጂ፣ አዲስ አበባ